ሁለት አሻራ በአንድ ወረቀት

ሐሙስ

በሃያ ዘጠኝ ድምፅ! በሺህ ቢሸነፍ ይሻለኝ ነበር። በሺህ የተሸነፈ ባል ራቱን በልቶ ይተኛል። በሃያ ዘጠኝ የተሸነፈ ግን ጎረቤቱን አንድ በአንድ ሲቆጥር ይውላል። ኑሩ ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። «አያ ተገኘ መርጠውኛል። ልጃቸውም መርጦኛል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ... እንጃ።»

ከምርጫ ክልላችን ፓርላማ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ተወዳደሩ። አንደኛ የወጣው የማዶ ሰፈር ሰው ነው (ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ገና አልበረደልኝም)። ሁለተኛ የወጣው ባሌ ኑሩ። ሦስተኛ ጌታቸው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የኑሩ አብሮ አደግ። ሁለቱም የአዘዞ ልጆች፣ ሁለቱም በግል። ከአንድ ሰፈር ሁለት ሰው ለአንድ ወንበር! ሲመዘገቡ ተናግሬ ነበር። ማን ይስማኛል።

ሌላም አለ። በኛ ምርጫ ጣቢያ አርባ አንድ ወረቀት ወድቋል። ኃላፊዋ መምህርት ፀሐይ በሩ ላይ በለጠፈችው ውጤት ሥር «ዋጋ አልባ» ብላ ቁልጭ አድርጋ ጽፋዋለች። ቆጠራው ላይ የነበረው ወኪላችን እንደሚለው አርባ አንዱም ላይ ሁለት ሁለት አሻራ አለ፤ አንዱ በኑሩ ምልክት ላይ፣ አንዱ በጌታቸው። ማን እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል?

ዓርብ

ማን እንዳደረገው አወቅሁ።

አያ ተገኘ የኮታቸውን ቁልፍ ሊያስተክሉ ልብስ ስፌት ሱቄ መጡ። መርፌ እየሰካሁ «መረጡ ወይ አያ?» አልኳቸው፣ እንዲያው ለወግ።

«ምነው አልመርጥ! ሸጋ አድርጌ ነው የመረጥሁት። አንዱን አሻራ ለኑሩ፣ አንዱን ለጌታቸው።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «ምነው ሁለቱን አያ? አንድ ነው እኮ የሚባለው!»

«ትልቁ ልጄ የሞተ ጊዜ ጌታቸው አርባ ቀን ከቤቴ አልጠፋም። ኑሩ እኔን ታቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሰ ነው። አንዱን ትቼ ነገ መንገድ ላይ ሳገኘው በየትኛው ዓይኔ ላየው ነው?»

«ድምፅ ምስጢር ነው። ማን ያይዎታል?»

«እኔ አያለሁ።»

ይሄን ብለው ኮታቸውን ለበሱ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለውን ተረት ልተርትባቸው ነበር፣ አፌ ላይ ቀረ። ሰውዬው እኮ የሚንጠለጠሉበት ፈልገው አይደለም። አከበርኳቸው። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩባቸው። ሁለቱንም ልጻፍ።

ኑሩ ሲሰማ ሳቀ። ከትላንት ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው። ጠበቃችን ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ በራ። አርባ አንዱ ወረቀት ለሁለቱም ቢቆጠር ኑሩ በአሥራ ሁለት ይበልጣል። የመራጩ ሐሳብ ግልጽ ነው ብለን አቤቱታ እናስገባ አለ። ይግባ! አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ቅዳሜ

አቤቱታው ገባ። ማክሰኞ ይሰማል።

የሰፈሩ ጎረምሶች ሱቆች ይዘጉ እያሉ ነው። ኑሩ በር ላይ ወጥቶ «በኔ ስም አንድ ጎማ የሚያቃጥል፣ አንድ ሱቅ የሚያዘጋ ጠላቴ ነው» አላቸው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ተበተኑ። ይሄ ሰው ሃያ ዓመት የሰውን ጉዳይ ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ያየሁት ነው፤ ወንበሩ ይገባዋል። ሚስቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ከሰዓት ሐያት፣ ሒሳብ የምትማረዋ ልጃችን፣ የቁልፍ ጣሳዬን መሬት ላይ ዘረገፈችው። መቶ ቆጠረች። ጥቁር ሠላሳ ስምንት፣ ነጭ ሠላሳ ሰባት፣ ሰማያዊ ሃያ አምስት። ጥቁሩ ያሸነፈው ሰውዬ፣ ነጩ አባቷ፣ ሰማያዊው ጌታቸው።

«በኛ ደንብ ወንበሩ አንድ ነው። ከሌሎቹ የበለጠ ይወስዳል።»

«ስልሳ ሁለቱ እኮ አልመረጡትም!»

«ከግማሽ በላይ ያግኝ የሚል የለም እማዬ።»

ቀጥላ በሌላ ደንብ ሰፊ አካባቢ አንድ ላይ አድርጋ አሥር ወንበር በድርሻ አከፋፈለች። ጥቁር አራት፣ ነጭ አራት፣ ሰማያዊ ሁለት። ይሄስ ሸጋ ነው ብዬ ሳልጨርስ፣ «ግን ብዙ ጊዜ ሰዎቹን በዝርዝር የሚያቀርበው ፓርቲ ነው። አያ ተገኘ ችግር ሲገጥማቸው የማንን በር ያንኳኩ?» አለች።

ሦስተኛ ደንብም አለ አለችኝ። የተስማማሽበት ሰው ሁሉ ላይ ምልክት ታደርጊያለሽ፤ ብዙ ምልክት ያገኘ ይገባል። በዚያ ደንብ ቢሆን የአያ ተገኘ ወረቀት ምንም እንከን የለበትም። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ መጋረጃ ውስጥ ገብተው፣ ሐያት ሦስት ዓመት የተማረችውን ነገር ብቻቸውን ደረሱበት! ቁልፉን ለቅሜ እስክጨርስ ስገረም ቆየሁ።

እሑድ

ጌታቸው መጣ። ማክሰኞ ቀርቤ «አርባ አንዱ ለኑሩ ይቆጠርለት፣ ለኔ የሚጨምርልኝ ነገር የለም» እላለሁ አለ። ሦስተኛ የወጣ ሰው ለሁለተኛው ሲሟገት የት ታይቷል? ማመስገን አቃተኝ፤ ሻይ ብቻ ደጋግሜ ቀዳሁለት።

አማቴ እማማ ሐዋ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና «ምስክር ከፈለጋችሁ እኔ እሄዳለሁ» አሉ።

«የምን ምስክር እማዬ?» አለ ኑሩ።

«ሁለት ካደረጉት አንዷ እኔ ነኝ።»

የገዛ እናቱ! ኑሩ የእናቱን አውራ ጣት አየ፣ ቀጥሎ ጌታቸውን፣ ከዚያ ጣሪያውን። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ጌታቸው በተወለደ ሰሞን እናቱ ታመው ነበርና ያጠቡት እማማ ሐዋ ናቸው፣ ከኑሩ ጋር እያፈራረቁ። እኛ እስላም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ በአንድ ቢላዋ የታረደ ሥጋ በልተን አናውቅም። ጡቱ ግን አንድ ነው።

ጠበቃው ይሄን በስልክ ሲሰማ «ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል!» አለ። እናት ለልጇ ልቧ የት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም ብሎ ነው።

ሰኞ

ዛሬ ያደረግሁትን አፍሬም ቢሆን ልጻፈው።

እማማ ሐዋ ለነገ የሚለብሱትን ቀሚስ ጠርዙን ሳስተካክል፣ ተንበርክኬ፣ አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ፣ አስጠናኋቸው። ጠበቃው «አንድ ብቻ ይምረጡ ቢባሉ ማንን ይመርጡ ነበር?» ይልዎታል። «ልጄን» ይበሉ። አንድ ቃል። ልጄን።

«ልጄን» አሉ።

«ኑሩን ይበሉ እንጂ እማማ፣ እንዳይምታታ።»

ከላይ ሆነው አዩኝ። ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «ቀሚሱ አጠረ እኮ፣ ዝቅ አድርጊው» አሉ።

ማክሰኞ

አቤቱታውን የሚሰሙት ሦስት ሰዎች ከጠረጴዛ ወዲያ። አሸናፊው ሰውዬም መጥቷል፤ ተነስቶ ለእማማ ሐዋ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ልጠላው እየፈለግሁ አስቸገረኝ።

መጀመሪያ መምህርት ፀሐይ ቀረበች። ቀጭን ሴት ናት፣ ድምፅዋም ቀጭን። «ከአርባ አንዱ ውስጥ የአባቴም ሊኖር ይችላል። ሐሳባቸው ገብቶኛል። ደንቡ ግን አንድ ይላል፤ ዛሬ አዝኜ ሁለት ብቆጥር ነገ ሌላው ጨክኖ ሦስት ይቆጥራል» አለች። ጠበቃችን አፋጠጣት፤ ንቅንቅ አላለችም። አምስት ቀን ሙሉ ሳማት ከርሜያለሁ። ዛሬ ልጄን ያስተማረች እሷ በሆነች ብዬ ተመኘሁ።

ጌታቸው እንዳለው ተናገረ።

ከዚያ እማማ ሐዋ። የመሐሉ ሰውዬ «እናቴ፣ ለማን እንደመረጡ የመናገር ግዴታ የለብዎትም» አላቸው።

«ምን የሚደበቅ አለው። ሁለቱንም አጥብቻለሁ፣ ሁለቱንም መርጫለሁ።»

ጠበቃችን ተጠጋ። ልስልስ ብሎ፣ «እማማ፣ አንድ ብቻ ነው የሚመረጠው ብለው ከመጋረጃው በፊት በደንብ ቢያስረዱዎት ኖሮ፣ ማንን ይመርጡ ነበር?»

እኔ ከኋላ ሆኜ በከንፈሬ ኑሩን፣ ኑሩን እላለሁ።

እማማ ሐዋ ኑሩን አላዩም፣ ጌታቸውንም አላዩም።

«እንዲያማ ከሆነ ሳልመርጥ ቤቴ እገባ ነበር።»

ጠበቃው ወረቀቱን አጠፈ። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ቅስሜ ስብር አለ። አንድ ቃል! አንድ ቃል ብቻ ነበር እኮ!

ኑሩ ግን ሄዶ የእናቱን ጉልበት ሳመ። መንገድ ላይ ባጃጁ ውስጥ «ዘይነባ፣ እናቴ ዋሽታ ፓርላማ ብታስገባኝ እዚያ ገብቼ ምን እናገር ነበር?» አለኝ። እጁን ያዝኩት።

ረቡዕ

ውሳኔው መጣ። ዋጋ አልባው ዋጋ አልባ ሆኖ ይቀጥላል።

ኑሩ ለአሸናፊው ደውሎ እንኳን ደስ ያለህ አለው። እዚያው የአዘዞን የውኃ ነገር አነሳበት፤ ሰውዬው «ሰኞ ናና አብረን እንሂድ» አለው መሰለኝ። እንግዲህ እናያለን። ጎረምሶቹ ኳሳቸውን ይዘው ሜዳ ወርደዋል። አልሐምዱሊላህ።

ማታ ጌታቸው ለራት መጣ። ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው፤ ሽሮ አደረግሁ፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ከራት በኋላ ጭቅጭቅ ተነሳ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሚመጣው ምርጫ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይወዳደር ተባለ፣ እሱ ላይ ተስማሙ። ማን? «አንተ!» «የለም፣ አንተ!» ግማሽ ሰዓት።

ሐያት ጣሳውን አመጣች። ነጭ ለአባቷ፣ ሰማያዊ ለጌታቸው። ጓዳ አንድ በአንድ እየገቡ ከጣሳው ወደ ከረጢት መክተት ነው፣ በምስጢር፤ የፈለገ ሁለቱንም መክተት ይችላል። አምስት ሰው ነን።

ፈሰሰ፣ ተቆጠረ። ነጭ አራት። ሰማያዊ አራት።

ሐያት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ይሄም ደንብ ለዚህ ቤት አልሆነም!» ሁለቱ ወንዶች ተያይተው አንገታቸውን ደፉ፤ እያንዳንዳቸው የሌላውን ብቻ እንደከተቱ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም። እማማ ሐዋ የከተቱትን አገር ያውቀዋል። ሐያትም ያው የአያቷ ልጅ ናት።

እኔ ተራዬ ሲደርስ ነጩን ብቻ ጨብጬ ነበር የገባሁት። ወላሂ ነጩን ብቻ። ከረጢቱ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ሳልጥል መልሼ አወጣሁት፣ ከጣሳው ሰማያዊውንም አነሳሁና ሁለቱንም ጣልኩ። ማንም አላየኝም።

እኔ ግን አየሁ።