ከፎርክሊፍቱ ኋላ የተቀመጠው ሰው

ለእህቴ ለእትዬ ዩስቲና፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? እማማን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? እኔ ደህና ነኝ፤ የሚያናድደኝም ደህና መሆኔ ነው። ባልሽ ሆስፒታል ተኝቶም ነርሶቹን ያስቃል።

እግሩ መቆረጡን በስልክ ሰምተሻል። እንዴት እንደሆነ ስትጠይቂኝ ግን ስልኩን ዘጋሁብሽ። አሁን ልንገርሽ።

እዚህ መጋዘን ፎርክሊፍት የሚሉትን የጭነት ማንሻ ማሽን የምነዳው እኔ ነኝ። ማሽኑ ላይ «ከሁለት ቶን በላይ አታንሳ» ተብሎ ተጽፏል። ማን አንብቦት! የሴራሚኩ ጭነት ሲከብድና የኋላው ጎማ ከመሬት ሲነሳ፣ ወፍራም ሰው ከኋላ እናስቀምጣለን። «ሚዛን» እንለዋለን። ተቆጣጣሪ የመጣ ቀን ብቻ ሁላችንም ቆብ ደፍተን ጨዋ እንሆናለን።

ያን ማክሰኞ ካቦው ሱሮሶ እንደለመደው «ሚዛን አምጡ!» ብሎ ጮኸ። ባልሽ ብላሲየስ ምሳውን በልቶ ጋደም ብሏል። «ና ውጣ እንጂ አማቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት የእህቴን ሩዝ በከንቱ ነው እንዴ የበላኸው?» አልኩት። «ለዚህ ሆድ ደሞዝ ይጨመርለት!» እያለ ወጣ። ሁሉም ሳቀ። ጭነቱን የተሸከመውን የማሽኑን ሹካ ከፍ ሳደርገው ኋላው ተነሳ፤ ብላሲየስ ተንሸራቶ ወደቀ። ጭነቱ ወደፊት ሲናድ ያ ሁሉ ብረት ተመልሶ እግሩ ላይ ዐረፈ። እኔ መሪ እንደያዝኩ ነበር። አንድ ጭረት እንኳ የለብኝም።

በማግስቱ ሱሮሶ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሊጫወት ብሎ፣ ነጂው ሳያየው ራሱ ተንጠለጠለ» ይላል። «ፈርም ኮርኔሊስ፤ የሱ እግር እንደሆነ አይመለስ፤ አንተም ሥራህን ልታጣ ነው?» አለኝ።

ፈረምኩ፣ እትዬ። ብላሲየስ ገና ከማደንዘዣው አልነቃም ነበር። በዚያ ወረቀት ምክንያት ካሳ አይገባውም ተባለ። እሱ መፈረሜን አያውቅም። ትናንት ልጠይቀው ስሄድ «ካቦው በኔ ጦስ እንዳያባርርህ ብቻ» ብሎ ለኔ ተጨነቀልኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ብትረግሚኝ አልፈርድብሽም። ይህን ደብዳቤ ግን ቀደሽ እንዳትጥዪው። ሚዛን አምጡ ያለው ሱሮሶ ነው፤ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። እዚያው እናንተ ጋ ማውሜሬ ከተማ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውሰጂው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ሜልኪንና ኦሳንም ሳሚልኝ፤ አባታቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቁሽ ስሜን አትደብቂላቸው።

ከታች የፈረምኩት ልክ እዚያኛው ወረቀት ላይ እንደፈረምኩት ነው። የቢሮው ሰዎች ያመሳክሩት።

ወንድምሽ ኮርኔሊስ፣ ነጂው
ሱራባያ፣ መጋቢት 14 ቀን 2011