በመታወቂያዬ ሽፋን ውስጥ የከረመው አበባ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ያቺ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅህስ እንዴት ናት? እማዬስ? «እማዬስ» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም አለ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ተቀይሜሃለሁ። ሰላምታውም ከልቤ ነው፣ ቅያሜውም ከልቤ ነው።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ እዚህ ሰው አገር የሆስፒታል አንሶላ አጥቦ መተኮስ ነው። በማለዳ አውቶቡስ እይዝና ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እንቅልፌን ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ መንገዱን አየሁት ማለት አልችልም። ባለፈው ማክሰኞ ግን የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ስለተቆፈረ፣ ሹፌሩ አንድ ፌርማታ ሲቀረን «ከዚህ በኋላ በእግራችሁ!» ብሎ አራገፈን። እያጉረመረምኩ በአንድ መጋዘን አጥር ጀርባ ታጠፍኩ።

ግራና ቀኙ ጃካራንዳ ነበር። ከላይም ሐምራዊ፣ ከታችም ሐምራዊ፤ አስፋልቱ የለ፣ የእግረኛ መንገዱ የለ። ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ስለነበር አበባው ውስጥ ገብታ የምትወጣ ይመስላል። አንዲት የመንገድ ጠራጊ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች። ስታየኝ እንደማፈር ብላ፣ ዛሬስ እጄ እምቢ አለኝ አለችኝ። እኔም አብሬያት ቆምኩ። አሥራ አንድ ደቂቃ አረፈድኩ፤ አለቃዬ ጮኸብኝ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ለምን እንዲያ እንደሆንኩ አይጠፋህም። አባባ እንጨት የሚልግበት ጥላ ያ የግቢያችን ጃካራንዳ ነበር። ልሄድ ስል አንተ ክፍል ልጨምር ብለህ ዛፉን ዞር ዞር እያልክ ስታየው፣ እንዳትቆርጠው የአባባን ስም አስጠርቼ አስማልኩህ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወቅቱ ሲደርስ አበበ ወይ እያልኩ እደውላለሁ። አንተም አሳምረህ ትነግረኛለህ፤ ግቢው ምንጣፍ መሰለ፣ ልጅቷ ስትንሸራተትበት ዋለች እያልክ። አምና እንዲያውም አንድ የደረቀ አበባ በፖስታ ላክህልኝ። የሥራ መታወቂያዬ ሽፋን ውስጥ አድርጌ ደረቴ ላይ ይዤው እዞራለሁ። አብራኝ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ክታብሽ ነው ወይ እያለች ትስቅብኛለች።

ማክሰኞ ያንን መንገድ ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ብዬ በባለቤትህ ስልክ ላክሁ። በምሳ ሰዓት ስደውል እማዬ ደስ ብሏት አገኘኋት። «ምራቴ ነገረችኝ፤ ሐምራዊ በሐምራዊ ነው አለችኝ። የኛው ከተቆረጠ ወዲህ እኮ ደጃችን አበባ ወድቆ አያውቅም» አለችኝ። የቱ ነው የተቆረጠው ስላት፣ ክፍሉ የተሠራበት ነዋ፣ ሦስት ዓመቱ አይደል እንዴ፣ ወንድምሽ አልነገረሽም እንዴ አለች። ነግሮኛል፣ ረስቼው ነው አልኳት። አየህ፣ ለገዛ እናቴ ዋሸሁልህ።

የላክህልኝን አበባ ከማን አጥር ለቀምከው? እሱን ሳስብ ነው የምቃጠለው። ቆረጥኩት ብትለኝ ኖሮ ሳምንት አኩርፌ ይወጣልኝ ነበር፤ ኩርፊያዬን ታውቀዋለህ። ቤቱ ጠቧችሁ እንደነበር አልክድም። አንተ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሌለ ዛፍ አበበ አልከኝ፤ እኔ ሞኟም በየዓመቱ እየደወልኩ አመሰገንኩህ።

ይሄንንም ቢሆን እውጠው ነበር። ትናንት ጠዋት ግን አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የእማዬ ንግግር እንደገና መጣብኝ። «ምራቴ ነገረችኝ» ነው ያለችው። ዓይን ያለው ሰው ፎቶ ይነገረዋል እንዴ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዓይኗ ድኗል፣ መርፌ ላይ ክር ራሷ ታስገባለች ያልከኝ አንተ ነህ። እማዬም የዓይኗን ነገር አንሥታልኝ አታውቅም፤ የማውቅ መስሏት ይሆናል። መንገዱ ገና ስላልተጠገነ ያው አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በጃካራንዳው ሥር ሄድኩ። ጠራጊዋ ፊቴን አይታ እጄን ያዘችና የመንገዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችኝ። አበባው ያው እንደማክሰኞው ራሴ ላይ ይወርዳል፤ ማማሩ አናደደኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ ነው መቼም። ግን እኔ አገር ቤት ያለው ሁሉ እንደነበረ አለ እያልኩ ነው አንሶላ ስተኩስ የምውለው። ከእንግዲህ ደህና ነን ስትለኝ በምን ልመንህ?

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ እሷን አልወቅስም። ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አዲሱ ክፍል የሷ ከሆነ ደስታ ያኑራት። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን አንተ እንዳታነብላት፤ ባለቤትህ ታንብብላት። አንተ ስታነብ የቱን እንደምትዘል አላውቅም።

ፖስታው ውስጥ ሁለት አበባ አለ። የደረቀው ያንተው ነው፤ መልሼልሃለሁ። እርጥቡን ዛሬ ጠዋት ከጠራጊዋ መጥረጊያ ፊት ነው ያነሣሁት። እስኪደርስ መጠውለጉ አይቀርም፤ ቢሆንም እማዬ መዳፍ ላይ አድርግላት፣ በጣቷ ትዳብሰው። ከየት ነው ብላ ስትጠይቅህ እውነቱን ንገራት።

የማትዋሽህ እህትህ

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ
ዓርብ ጠዋት፣ ሚያዝያ 12 ቀን