እናቴ ከበረንዳ እጇን ያወዛወዘችው ለእጩአችን አልነበረም

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ምርጫው ከተቃረበ ወዲህ ደግሞ የሐምራዊው ፓርቲያችን የአካባቢ ዘመቻ አስተባባሪ፤
ባሉበት ቦታ፣ ማለትም በድምፅ ማጉያው አጠገብ።

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይ ደግሞ ጉሮሮዎ እንዴት ነው? ስለ ጉሮሮዎ የምጠይቀው ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ድምፅዎን ሰምቼ፣ ማታም ድምፅዎን እየሰማሁ ስለምተኛ፣ “ኧረ ይኼን ሰውዬ ትንሽ ማር በሎሚ የሚያቀምሰው ዘመድ የለውም?” እያልን ከእናቴ ጋር ስንጨነቅልዎ ነው የከረምነው። ፈጣሪ ጉሮሮዎን ይጠብቅልን፤ የእኛን ጆሮ ነገር ከምርጫው በኋላ እናየዋለን።

ምናልባት ከዚህ ሁሉ በር መሃል የቷ እንደሆንኩ ካልመጣልዎ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ደረጃውን ጨርሰው ትንፋሽዎን ሲሰበስቡ በስተግራ ያለው በር የእኔ ነው። የአውቶቡስ ጣቢያው ትኬት መስኮት ውስጥ የምቀመጠዋ፣ ለስብሰባዎ ሳሎኔንና ወንበሮቼን የሰጠሁት፣ አንዱ ወንበር እግሩን አጥቶ ሲቀርም “ለትግሉ የተከፈለ መስዋዕትነት ነው” ብለው ያጽናኑኝ ሴትዮ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌ ቢንጋደድ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የደብዳቤ ወግ የተማርኩት እርስዎ በየደረጃው ከሚለጥፉት ማስታወቂያ ነው።

ይህን ደብዳቤ መግቢያው በር ላይ ስለምለጥፈው፣ ተፎካካሪዎቻችን ቢጫዎቹ አንብበው “አያችሁ፣ የራሳቸው ሰው ጉዳቸውን ስታወጣው” ብለው እንዳይፈነጥዙ ቁርጡን ልናገር፦ እኔ ሐምራዊ ነኝ። የፓርቲያችን የአካባቢ አባላት በሙሉ አንዲት የሻይ ቤት ጠረጴዛ ትበቃቸው ከነበረ ጊዜ ጀምሮ ሐምራዊ ነኝ። እርስዎ ባለፈው ምርጫ ያ ቢጫ ሸሚዝ ምን ያህል አምሮብዎት እንደነበር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ ይህን የማነሣው ለነቀፋ አይደለም፤ ሸሚዝ መቼም ይለወጣል፣ ሰው ነን። ብቻ ከአባልነቴ መቆየት የተነሣ ምስጋናዬን በነፃነት ለማቅረብ ትንሽ መብት ያለኝ ስለሚመስለኝ፣ እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አድርጌ እነሆ ብያለሁ።

1. ስለ ሊፍቱ።

ሊፍታችንን ስላስጌጡልን እጅ ነሥቻለሁ። እጩአችን ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ጄኔሬተር ተከራይተው አስነሥተውት ነበር፤ እጩው ወጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ወረዱ፤ ጄኔሬተሩም ተከትሏቸው ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በተዘጋው የሊፍት በር ላይ የእጩአችን ግዙፍ ፎቶ “አብረን ወደ ላይ!” ከሚል መፈክር ጋር ተለጥፎ ይኖራል። ጋዝ የሚያመጣልን ሰውዬ ሲሊንደሩን ተሸክሞ እያለከለከ እኔ ደጅ ሲደርስ፣ “እትዬ፣ እኒህ ሰው አብረን ያሉት ከማን ጋር ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ላም አለኝ በሰማይ ይባል የነበረው ድሮ ነው፤ የእኛዋ ላም ሰማይም አልደረሰች፣ ምድር ቤት ተቆልፎባታል።

2. ስለ ልብስ ማስጫው ገመድ።

“በዚህ ወሳኝ ወቅት የተሳሳተ መልእክት የሚያስተላልፉ ቀለማት በጣሪያው የጋራ ገመድ ላይ እንዳይሰጡ” የሚለውን ማስታወቂያዎን በታላቅ አክብሮት አንብበነዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኛ የውስጥ ልብስ ለማንም መልእክት ያስተላልፋል ብለን አስበን አናውቅም ነበርና፣ ስላነቁን እናመሰግናለን። የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ይኸው የሕፃኗን ቢጫ ፎጣ እንደ ኮንትሮባንድ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እየደበቀች ነው የምታደርቀው። እርስዎም በዚያ ሁሉ ሥራ መሃል ጊዜ ወስደው፣ በእግርዎ ጣሪያ ድረስ ወጥተው፣ ከገመዱ ላይ የተሰጣ ረጅም ቢጫ ጨርቅ አግኝተው በስልክዎ ፎቶ አንሥተዋል። “የማን ነው?” ብለው ጠይቀው “ያሰጣችውስ ሰፊዋ ናት” ስለተባሉ፣ ምርመራው እዚያው ላይ ተጠናቀቀ። የጨርቁን ነገር ለጊዜው እንለፈው፤ እመለስበታለሁ።

ሰፊዋ ማለት ከእኔ ፊት ለፊት፣ በስተቀኝ ያለው በር ናት። ሁላችሁም የምታውቋት የልብስ ስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰምታችሁ ነው፤ እኔ ግን ሆዷን አውቃለሁ። ቢጫ ናት፣ ክቡር ሆይ። ፎቶ ማንሣት አያስፈልግም ነበር፤ ቢጠይቋት ኖሮ ሻይ አቅርባ ራሷ ትነግርዎ ነበር። በማስረጃው ተሳስተው በፍርዱ ልክ የሆኑ ሰው በዘመኔ እርስዎን አየሁ። እኛ ሁለታችን በየምርጫው አብረን ወርደን፣ አብረን ተሰልፈን፣ እሷ የእኔን ድምፅ ሰርዛ እኔ የእሷን ሰርዤ፣ በየፎቁ እያረፍን አብረን እንመለሳለን። “እትዬ፣ ሁለታችንም ብንቀርኮ ውጤቱ ያው ነው” ትለኛለች ሁልጊዜ። “ታዲያ ቅሪያ!” እላታለሁ። ቀርታ አታውቅም።

3. ስለ ስቲከሩ።

“ለመረጃ አያያዝ ቅልጥፍና” ብለው በየበራችን ላይ ክብ ክብ ስቲከር አስለጠፉልን፤ የእኛ ለሆነው ሐምራዊ፣ የእነሱ ለሆነው ቢጫ፣ ላልለየለት ግራጫ። በዕድሜዬ ምልክት የሚደረግበት የጉዞ ሻንጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ በር ሐምራዊ፣ ፊት ለፊቴ ቢጫ ሆነ፤ እኔም ጠዋት ስወጣ ከበሩ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየሁ ማፈር ጀመርኩ። ከዚያማ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሁሉ ስቲከሩን አይታ ከደረጃው ትመለስ ገባች፤ ጥበቃውም በአደባባይ ሰላም ማለቱን ትቶ ማንም በሌለበት ብቻ ይጠቅሳት ጀመር፤ የሰፊዋ መኪናም ቀስ በቀስ ዝም አለች።

አራተኛውን ቁጥር ልጽፍ ነበር፤ ግን የሚቀጥለው ነገር ቁጥር አይበቃውም፤ እንዲሁ ልንገርዎ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷ እንጂ አፏ አላረጀም፤ እግዜር ይመስገን። እኔ ትኬት መስኮት ውስጥ ተቀምጬ አገር ሙሉ ሰው ስሸኝ ስውል፣ የቤቴ ትርፍ ቁልፍ ያለው ሰፊዋ ጋ ነበር። ቀን ቀን ከፍታ ገብታ “እማማ፣ ምሳ በልተዋል? መድኃኒቱስ?” ብላ፣ ተሰድባ፣ ስቃ ትወጣለች። ልጅ ወልዶ እንደዚያ የሚጦረው ስንቱ ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእኛ ተረት ሳይሆን ኑሯችን ነበር። ስቲከሩ ከተለጠፈ በኋላ ግን አንድ ማታ ከሥራ ስገባ፣ በበሩ ሥር የገባ ፖስታ ረገጥኩ። ውስጡ ቁልፌ ብቻ ነው፤ እንዳይጠፋባት ያሰረችበት ቀይ ክር ሳይቀር። የዘመቻው ስብሰባ በእኔ ሳሎን ስለተደረገ፣ “የጠቆምኳት እኔ መስዬአት ነው” ብዬ ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም የደረጃውን ቁጥር የምንቆጥር መስለን ማለፍ ሆነ።

በዚህ መሃል ነው እናቴ ትራስ ልታሰጣ በረንዳ የወጣችው። ንፋስ በሩን ከኋላዋ ደረገመው። ከውስጥ ካልሆነ የማይከፈት በር ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ቦታ ነኝ። እናቴ ፎጣዋን እያወዛወዘች “ኧረ የሰው ያለህ!” ብላ ወደ ታች ተጣራች። በዚያች ሰዓት ደግሞ እድሏ ሆኖ፣ የዘመቻ መኪናዎ በሙሉ ዘፈን ግቢያችን ገባ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ያደረጉትን ያስታውሱታል። ቀና ብለው አይተዋት፣ ማይክሮፎኑን ይዘው፣ “እናታችን! እናመሰግናለን! ዕድሜዎን ያርዝመው!” አሏት። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። እሷ ባሰባት፤ በሁለት እጇ አወዛወዘች። እናንተም በሁለት እጃችሁ መለሳችሁላት። ከዚያ ፎቶ አንሥታችኋት፣ ዘፈኑን ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደሚቀጥለው ግቢ ሄዳችሁ።

ዕድሜዋን ያረዘመላት ግን ሌላ ሰው ነው። ሰፊዋ ጭብጨባውን ሰምታ በበረንዳዋ ብቅ ስትል፣ እናቴ እጇን ስታወዛውዝ አየቻት። እናቴ እንኳን ለእጩ ለእኔ ሠርግ እጇን ያላወዛወዘች ሴት መሆኗን ታውቃለችና፣ ወዲያው ገባት። በረንዳችን በአንዲት አጭር ግንብ ነው የሚለያየው። እናንተ ገና ፎቶ ስታነሡ፣ በግንቡ ላይ ውኃ አቀበለቻት፤ ጃንጥላ ዘርግታ፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ራሷ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ እናቴን ጥላ ውስጥ አቆየቻት። በሌላ እጇ ደወለችልኝ። ከተኳረፍን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ፣ “እትዬ፣ ቁልፍሽን ይዘሽ ሩጪ፤ እማማ በረንዳ ላይ ናቸው” የሚል ነበር። መስኮቴን በተሳፋሪ ፊት ዘግቼ ሮጥኩ። “አብረን ወደ ላይ!” በሚለው በር ፊት ሳልፍ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ ደብዳቤው የጨዋ ነው።

በሩን ከፍቼ እናቴን አስገብቼ ሰፊዋን ስጠራት መጣች። “እኔ ነኝ የጠቆምኩሽ ብለሽ ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። “ኧረ ሞቼ ነው? አንቺን አልጠረጠርኩም” አለችኝ። “በሯ ላይ ምልክት ያለባት ሴት የሰው ቁልፍ እንዴት ትይዛለች? አንድ ማንኪያ ቢጠፋብሽ፣ ‘ቢጫዋ ናት’ የሚል አይጠፋም ብዬ ነው።” እናቴ ውኃዋን እየጠጣች፣ “እናንተ ሁለት ጅሎች! ምርጫው ያልፋል፣ ደረጃው ግን ያው አምስት ፎቅ ነው። ስታረጁ ማን ለማን ሊወጣ ነው?” አለችን።

እነሆ፣ ክቡር ሆይ፣ ሁለቱንም ስቲከር በኩሽና ቢላዋ ፍቄ አንሥቻቸዋለሁ። በሁለቱም በር ላይ የቀረው አንድ ዓይነት የሙጫ ክብ ነው፤ የቱ የማን እንደነበር የሚለይ ባለሙያ ካለዎት ይላኩልን። ቁልፌ ከነቀይ ክሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቤቴ ማንኪያ ቢጠፋ የምጠይቀው እናቴን ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። የእናቴ ፎቶ “እናቶቻችን ከእኛ ጋር ናቸው” ተብሎ በትልቁ ታትሞ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ስልክ ላይ የለቀቃችሁትን ዋናውን ፎቶ አጉልቼ ሳየው፣ በጠርዙ በኩል፣ በግንቡ ላይ የተዘረጋች፣ የውኃ ኩባያ የያዘች እጅ አለች። በትልቁ ላይ ተቆርጣለች። እባክዎ፣ ወይ ፎቶውን ያውርዱልኝ፣ ወይ የሰፊዋን እጅ ጨምረው እንደገና ያሳትሙት። እናቴ በዚያች ሰዓት ከማን ጋር እንደነበረች ሕዝብ ይወቅ፤ መፈክራችሁም በዚህ ምርጫ አንድ ጊዜ እንኳ እውነት ይሁን።

በምርጫው ቀን እኔና ሰፊዋ እንደ ልማዳችን አብረን ወርደን ተሰራርዘን እንመለሳለን። ድምፄ እንደ ወትሮው ለሐምራዊው ነው፤ ፓርቲዬን ለእርስዎ ትቼ የምሄድ ሴት አይደለሁም። እናቴ ግን ገና አልወሰነችም። ከእኛ ቤት ሳትሰረዝ የምትቆጠር ድምፅ የእሷ ብቻ ናት፤ እሷንም በረንዳ ላይ ትታችኋት ሄዳችሁ።

ሲጮሁ የማይደክሙ፣ ሲወጡ የማያለከልኩ፣ ቀለም ሲለዩ የማይሳሳቱ መሪያችን ሆነው ይኖሩልን ዘንድ ከአምስተኛ ፎቅ ከፍታ እየተመኘሁ፣ ከወገብ በላይ ብቻ ዝቅ ብዬ (ጉልበቴን ደረጃው ስለወሰደው ነው) እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የትኬት መስኮቷ ሴትዮ

ማሳሰቢያ፦ እመለስበታለሁ ያልኩት ያ ረጅም ቢጫ ጨርቅ፣ በማስረጃነት ፎቶ ያነሡት ማለቴ ነው፣ የክብርት ባለቤትዎ የሳሎን መጋረጃ ነው። ጠርዙ እንዲታጠፍ ለሰፊዋ ሰጥተዋት፣ ታጥቦ እየደረቀ ነበር። እሷ የደንበኛ ገመና አላወጣም ብላ ዝም አለች፤ እኔ ግን እንደሚያውቁት አፌ አይቻልም። መጋረጃው ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ይጠብቅዎታል። ከባድ ስለሆነ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው፣ መፈክሩ እንደሚለው፣ አብራችሁ ወደ ላይ ኑ። በስተቀኝ ያለው በር ነው፤ እንዳይሳሳቱ ስቲከር የለበትም።