«የተሻገረ ሰው የለም» ላሉን ሰብሳቢ

ለተከበሩ የድልድይ ምርቃት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መካነ ሰላም
ነሐሴ 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ምርቃት ንግግርዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም ወንዙ ዳር ከምንኖረው ከእኛ የተሻለ ይሁን እያልኩ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በግምገማ ላይ ቁጥር እንደሚወዱ አይቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ። የወንዙ ዳርና ዳር ውኃ ሲነካው የሚላላ ዋልካ አፈር በመሆኑ ገመድ የሚይዝ መሬት እንደሌለን፣ ስለዚህም ድልድዩ፣ እንስራ ያዘለች ሴት ገመዱን በገዛ ደረቷ እንደምትይዘው፣ የብረት ገመዱን በራሱ ወለል ጫፍና ጫፍ እንደሚያስር አስረድተውናል። ገመዱ ጫፎቹን ወደ መሐል ስለሚስብ ወለሉ ተጋጥሞ እስኪጠነክር ከሥሩ ያለው የእንጨት ድጋፍ እንዳይነካ ያሉትም እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ። የወለሉ መሐል በወጉ ተጋጥሞ ሳይጠነክር የክብር እንግዳው ሊመርቁ መጡ፤ ድጋፉ ለካሜራ ስላላማረ ፊት ለፊት ያለው ተነቀለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ መኪኖቹ ሄዱ፤ ድጋፉን የመለሰ ግን የለም። ከዓረብ አገር፣ ከጅዳ የተመለሰችው የማዶዋ ልጅ በዛች፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ማዶ ወደምትጠብቃት እናቷ ልትሻገር ወጣች። «ተመርቋል አይደል እንዴ?» ብላን ሳቀች። መሐል ስትደርስ ወለሉ ታጠፈ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ አልመለሳትም።

ሦስተኛ፣ ስለ መግለጫዎ። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ «ርክክብ ስላልተፈጸመ የተሻገረ ሰው የለም» ብለው አወጁ። ቃልዎ ማዶ ደረሰ። ሽማግሌዎች በወግዲ በኩል ባለው ሩቅ መንገድ ዞረው ማለዳ መርዶ ሊነግሩ ቢገቡ፣ እናቷ እማማ ዓባይነሽ «መንግሥት የተሻገረ የለም ብሏል እኮ ልጆቼ! ሻንጣ ይዛ ዞራ አትመጣም፤ ድልድዩ እስኪገጠም እናንተው ጋ ናት» ብለው ቁርስ አብልተው ሸኟቸው። ነጠላ አላዘቀዘቁም፣ አላለቀሱም።

አሁን ሲመሻሽ ከምሰሶው ላይ የቀረው ገመድ በነፋስ ያቃስታል። እማማ ከማዶ «አቤት በዙ፣ አለሁ!» ይሉታል። እኛ በራችንን እንዘጋለን። በየቀኑ ወደ ድምፁ ጠጋ ይላሉ፤ ትናንት ውኃው እግራቸውን ነካ።

ድልድይ አንጠይቅም። በዚያው ድምፅ ማጉያ «በዛች ወጥታበት ነበር» ይበሉልን፤ እናት መርዶዋን ትስማ።

ነፋስ በሌለበት ቢሮዎ ረጅም ዕድሜ የሚመኝልዎ፣ የገመዱ ጎረቤት፣
አለኸኝ ካሳ

ማስታወሻ፦ ኮሚቴዎ ራሱን በራሱ ገምግሞ ነጻ ማውጣቱን ሰምተን አልተገረምንም፤ የድልድዩ አሠራር ነውና። ግን ቃልዎን የሚያምን የቀረ ሰው ቢኖር እማማ ዓባይነሽ ብቻ ናቸው፤ ውኃው ሳይቀድምዎ ይድረሱላቸው።