የምንጩ ዓይን

ሰኞ፣ ጥር 29 ቀን 53 ዓ.ም.፣ 11 ሰዓት

አጥሩን ስጠግን ት/ቤቱ መጣብኝ። አዲሱ መ/ር፣ ያ ከአዲስ አበባ የመጣው ቀጭኑ፣ ልጆቹን አሰልፎ ጓሮዬ ገባ። ፈቃድ ጠይቋል፣ አልዋሽም። ስለ ውኃ ላስተምራቸው ነው አለ። ውኃ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ይጠጣል፣ ይታጠቡበታል፣ አለቀ።

መንደሩ ሁሉ ከሚቀዳው የጓሮዬ ምንጭ አፍ ሥር ቆርቆሮ ደቀነ። አምና አንድ መዝሙር ሳያልቅ ይሞላ ነበር አሉ ልጆቹ። ሁለት ጊዜ ዘመሩ፤ ግማሹም አልሞላ። ከዚያ ጣቱን ወደ ባሕር ዛፎቼ ቀሰረ። ውኃችሁን የሚጠጣው ይኸ ነው አላቸው። እኔው ፊት! በዱላ አባረርኳቸው።

ደብተሬ፣ አንተ ፍረድ። ዛፎቹን ከሟች ባለቤቴ ጋር ነው የተከልናቸው። እኔ ስቆፍር እሷ ከዚሁ ምንጭ እየቀዳች ስታጠጣ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እነዚህ ይጡሩሃል ብላኝ ሞተች።

ረቡዕ፣ የካቲት 1

ጎረቤቴ ሐዋ ከንጋት ጀምራ እንስራዋን ደቅና ተቀምጣለች። ልጇ ዘይነባ እዚያው ት/ቤት ናት፤ የሰማችውን ይዛ ቤት ገብታለች።

«አባባ፣ ባሕር ዛፍዎ ከኛ ቀድሞ ይቀዳል እኮ። ወረፋም የለበት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወሬሽን ብትቀንሺ እንስራሽ ይሞላ ነበር አልኳት። እሷም ሳቀች። ቤት ስገባ ግን ዶማዬን ፈልጌ አወጣሁ።

ደለል ነው። የምንጩ ዓይን፣ ውኃው የሚፈልቅበቱ፣ ተደፍኖ ነው እንጂ ዛፍ ምን አደረገ? ቆፍሬ አሳያቸዋለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 3

ቆፈርኩ። ሐዋ የምንጭ ዓይን አይነካም፣ ይሸሻል ብላ ለመነችኝ። በገዛ ምንጬ ማንም አያዘኝም አልኩ።

ከድንጋዩ በታች የዛፍ ሥር አገኘሁ። ቀይ። እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ዓይኑ ውስጥ ተኝቷል። የዛፌ ነው። በዶማ መታሁት። መታሁት። ድንጋዩ ተንሸራተተ። ውኃው አንዴ ቡልቅ አለ፣ ደፈረሰ፣ ቀጥ አለ።

ጠበቅሁ። የለም።

ምን አደረግሁ? አምላኬ፣ ምን አደረግሁ?

እሑድ፣ የካቲት 5

ቅበላ ነው። ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል። እኔ ቤ/ክ አልሄድኩም፤ በምን ፊቴ? ሴቶቹ ከታች ወንዙ ድረስ ይወርዳሉ፣ ከብት ከሚያቦካው። ሐዋ በደጄ አለፈች። ሰላም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

መ/ሩ መጣ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ዱላዬን ያዝኩ። የመጣው ሴቶቹ ልጆች ከክፍል ስለጠፉበት ነው። ዘይነባም ጠፍታለች። ወንዙ ሩቅ ነው፤ ቀጂዎቹ እነሱ ናቸው። ጎበዟ እሷ ነበረች አለኝ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥን። ዛፎቹ ቢቆረጡ ውኃው ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። እኔ! ያን ልጅ!

«አላውቅም አባቴ» አለኝ። ምናልባት ከክረምት በኋላ፣ ምናልባትም ጨርሶ አይመለስ። ቆርጦ መተውም ዋጋ የለውም፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ መነቀል አለበት አለ። ይህንንስ እኔም አውቃለሁ። ልጆቹን አምጥቼ ላግዝዎ አለ። እንቢ አልኩ።

አላውቅም ስላለኝ ጠላሁት። ስላላባበለኝም አመንኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 9፣ ጧት 12 ሰዓት

ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም። መጥረቢያው ተስሏል።

ለምንጩ ዓይን የሚቀርበው ትልቁ ዛፍ ሟች ባለቤቴ በእጇ አፈር ያለበሰችው ነው። ከሱ እጀምራለሁ። ከዳር ብጀምር እሱ ጋ ስደርስ ደከመኝ ብዬ እተወዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። እሱ ከወደቀ ለሌሎቹ የምራራበት ምክንያት አይኖረኝም።

ይመለሳል ያለኝ ሰው የለም። እኔም ለማንም ይመለሳል አላልኩም። ለሐዋ ግን ዛፎቹን ልቆርጥ እንደሆነ በደጇ ሳልፍ እነግራታለሁ፤ ሰላም ባትለኝም እነግራታለሁ። አሁን ልነሣ፣ ፀሐይ ሳትከር።