ግማሽ ብርጭቆ

ቀድመሽኝ ይህችን ዓለም ላየሽው መንታ እህቴና በሆድሽ ላለው እንግዳ፤ ሰላምና ጤና አይለያችሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ሐኪሞቹ የአባዬ መንቀጥቀጥ በዘር የሚወርድ ነው ስላሉሽ ደምሽን ልታስመረምሪ መሆኑን ጽፈሽልኛል። ከአንድ ጽንስ የተከፈልን መንታዎች ነንና ያንቺ ውጤት የእኔም ስለሚሆን ፈቃዴን ጠየቅሽኝ። ቄሱን አማከርኳቸው። «ማወቁ ኃጢአት አይደለም፤ ካወቁ በኋላ የሚመጣውን ነው የምፈራው» አሉኝ። እማዬ ደግሞ «እግዜር የሸሸገውን ምን አስቆፈራችሁ?» ብላ ካኮረፈች ሰነበተች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። አባዬ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ እኔና አንቺ የት እንገኝ ነበር? ልጁ ይወለድ፤ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ልሙትልሽ፣ አሁን ይቅርብሽ።

የስፌት ቤቱ ሥራ ደህና ነው። ዘንድሮ የእጅ ጥልፍ ትቼ በመኪና ብቻ እሰፋለሁ፤ ዓይኔ ደክሞ ይሆናል። ባለፈው የአንድ ሙሽራ ኮት ላይ የቁልፉ ቀዳዳ እንደ እባብ ተጣመመብኝ። እማዬ አየችው፤ ከጓዳ ስመለስ ፈትታ እንደገና ስትሰፋው አገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ንፍገት ጀምሯታል። ሻይ ስትቀዳልኝ ከግማሽ አታሳልፍም፤ ልክ አባዬ እንዳይደፋው ትቀዳለት እንደነበረው። «ሙይው እንጂ» ስላት «ሲያልቅ ይጨመራል» ትልና ፊቷን ታዞራለች።

ሆድሽን ዳብሺልኝ። ሙሉ ብርጭቆ ይዘን አብረን ለመቀመጥ ያብቃን።

ታናሽ መንታሽ