የደብዳቤህ ሁለተኛ ገጽ

ለወንድሜ ለዋጋሪ ገቢሳ፤ ባለህበት ኦጋዴን በረሃ።

አከም ጅርታ፣ ነጋ ኬቲ? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ነህ? ሙቀቱስ፣ አሸዋውስ፣ ያ የቆርቆሮ ምግባችሁስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ እዚሁ ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ አባባና እማዬ እዚያው ዲጋ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ጉድጓዱ ነው። ያሳመምከውም አንተ ነህ።

በሰኔ የጻፍከውን መቼም አትረሳውም። ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፤ መሣሪያ በረጅም ሽቦ ታወርዳላችሁ፤ ለድንጋዩ ኤሌክትሪክ ትሰጡታላችሁ። ጨዋማ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ያሳልፈዋል፤ ነዳጅ ዘይት የያዘ ድንጋይ ግን አላሳልፍም ይላል። ይህ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃችን ለተሰበሰበው ሰው ሳነበው የአባባ ደረት እንደ አውራ ዶሮ ተነፋ። ሁለተኛውን ገጽ ልጀምር ስል ሰው ሁሉ ወደ ምርቃት ገባ። «ጣፋጭ ውሃም፣ ደረቅ ድንጋይም ኤሌክትሪክ በወጉ አያሳልፉም፤ እምቢ ያለ ሁሉ ዘይት አይደለም» የምትለዋን ቃልህን ብቻዬን አንብቤ ብቻዬን አጠፍኳት።

በመስከረም አባባ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ውሃው ጣፋጭ ነው፤ ረግቶ ሲያድር ግን ላዩ ላይ እንደ እርግብ አንገት የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ይሰፍፋል። ከረግረጉ ሁሉ የማይጠፋ ነገር ነው፤ ከብት ሲጠጣው እያየን ነው ያደግነው። ዘንድሮ ግን አገሩ የአንተን ደብዳቤ ሰምቷልና «ዘይት ነው» አለ። ወሬው ድንበራችንን ሲገፉ የኖሩት ቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስ ዘንድ ሲደርስ በበቅሎ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና «ከሣሩ በላይ ያለው የገቢሳ ነው፤ ከሣሩ በታች ያለው የመንግሥት ነው፤ መንግሥት እስኪረከበው ጠባቂው እኔ ነኝ» አሉ። እማዬ «ታዲያ ጓሮ የተከልኩት ድንች የማን ሊሆን ነው?» ብትላቸው የበቅሏቸውን ኮርቻ ማጥበቅ ያዙ።

ለማረጋገጥም ሬድዮ ጠጋኙን ዋቅወያን ሰኞ ከነቀምቴ ሊያመጡ ሆነ። መርፌ ያላት የኤሌክትሪክ መለኪያ ሣጥን አለችው። ሽቦውን ውሃው ውስጥ ሲያወርድ መርፌዋ ካልተነሣች ዘይት ነው ተብሎ መሬቱ ሊታጠር ነው። እኔ ሁለተኛውን ገጽ ይዤ ቀኛዝማች ደጅ ሄድኩ። «ልጄ፣ ቁም ነገሩን ወንድምሽ ፊት ጽፎታል፤ ሰው ሁለተኛ ገጽ የሚጽፈው ወረቀት ሲተርፈው ነው» ብለው ሸኙኝ።

እሑድ አባባ ሆዴን አሉና ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ጉባኤው በሙሉ ጸለየላቸው። እኛ ስንጸልይ እሳቸው ለክረምት ያስቀመጡትን ግማሽ ኩንታል ጨው ጉድጓዱ ውስጥ ገልብጠው በአጣና ያማስሉ ኖሯል። ሰኞ መርፌዋ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ዋቅወያ ውሃውን ቀመስ አድርጎ «የምን ዘይት፣ ሆራ ነው እንጂ» አለ። ቀኛዝማች በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ቀለም ባልፈጀሁ። ሆራ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ጨዋማ ውሃውን ከብት ይሞትለታል፣ ለማንም ከብት አይከለከልም። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መጡና አባባን «አባ ሆራ» ብለው መረቋቸው። አሁን የዲጋ ከብት በሙሉ በጓሯችን ያልፋል። የድንቹ ነገር ከሣሩ በላይም ከሣሩ በታችም አልቆለታል። ማለዳ ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት የቀኛዝማች ስልሳ ከብቶች ናቸው። እማዬ የሚጠጣውን ውሃ ከወንዝ ታመላልሳለች። አባባ ጨው መጨመሩን እንዳይተዉ፣ ውሃው የጣፈጠ ዕለት ከብቱ ይቀርና ቀኛዝማች ያችን መርፌ መልሰው ያመጧታል። እውነቱን እንዳይናገሩ፣ የመረቋቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ የጸለየው ጉባኤም አለ። «ለልጄ ጻፊለት፤ የጨዉን ነገር ግን አታንሺ» ብለውኛል። እንደምታየው አላነሣሁም።

እማዬ ያን እንደ ሎሚ ያለ ጉንጭህን ትስማለች፤ ብርድ ልብስ አለህ ወይ ትላለች፣ በረሃ ነው ብላት አልሰማ አለች። አባባ ሰላም ብለውሃል፣ በግማሽ ልብ። ትንሿ እህታችን ቀለሟ የከብት ድምፅ ጠልታ እኔ ዘንድ ሰፍራለች፣ እሷም ትናፍቅሃለች። አብሮህ ለሚሠራው ለተረፋም ሰላም በልልኝ።

ወንድሜ፣ አለቆችህን ለምነህ ያችን ቃልህን በጽሕፈት መኪና አስመታና ማኅተም አስደርገህ ቶሎ ላክልን። ሁለተኛውን ገጽ ብቻ። የመጀመሪያውንማ አገሩ በቃሉ ይዞታል።

እህትህ ድርቤ ገቢሳ
ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.